ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ራስ ምታት

በ2071 ዓመተ ምሕረት በሾላ በር ከተማ ታማሚ የሚባል ሰው አልነበረም። ቃሉ ከጤና ጣቢያው ሰሌዳም ከነርሶቹ አፍም ከጠፋ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖታል። በምትኩ ሰው ሁሉ ተሳታፊ ነበር። ጥርሱን የሚያመው ተሳታፊ ነው፤ ምጥ የያዛትም ተሳታፊ ናት። ካርድ የሚወጣው ለጥናት፣ መድኃኒት የሚሰጠውም በጥናት ውስጥ ነው፤ በሌላ በኩል የሚከፈት በር የለም። ሕዝቡም እንደ ሌላው ነገር ሁሉ ለምዶታል።

በየቤቱ መግቢያ ግድግዳ ላይ የምታይና የምትናገር መሣሪያ፣ ጠያቂዋ አለች። ስም አላወጡላትም፤ ጠያቂዋ ብቻ ነው የሚሏት። በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ሲሆን በለሰለሰ ድምፅ እንደምን አደራችሁ ትልና አሥራ አንድ ጥያቄ ታቀርባለች፤ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ሽንት፣ ስለ ምግብ ፍላጎት፣ ስለ ሕመም። ከዚያ እንክብሉ በፊቷ ይዋጣል። አፍ ይከፈታል፣ ምላስ ወደ ላይ ይነሳል፣ ጉንጭ በጣት ይገለጣል። አመሰግናለሁ ስትል ሰው ወደ ቁርሱ ይሄዳል። ልጆች ዕቃ ዕቃ ሲጫወቱ እንኳ አንዷ ጠያቂ ትሆንና ሌሎቹ ተሰልፈው ምላሳቸውን ያሳዩ ነበር።

ሶልያና ደረጀ የሃምሳ ስምንት ዓመት ሴት ናት፤ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊ። የስፌት መኪናዋን ያስቀመጠችው ወደ መንገዱ በሚከፈተው የፊት ክፍል ሲሆን ከበሩ አጠገብ ልካቸውን የሚያስለኩ ልጆች የሚጠብቁበት ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ። ባሏ ኪሩቤል የቧንቧ ሠራተኛ ነው። እሱን የሚያውቅ ሁሉ እሺ ባይነቱን ያውቃል። በዓመት በዓል ቀን ቧንቧ ፈነዳብኝ ቢሉት ዕቃውን አንጠልጥሎ ይሄዳል። ሰልፍ ላይ ቆሞ እቸኩላለሁ ላለው ሁሉ ተራውን ይለቃል። ሶልያና በዚህ ስንቴ ተቆጥታዋለች፤ እሱ ግን ፈገግ ብሎ እሺ ይላታል።

ከአራት ዓመት በፊት ባልና ሚስት አብረው ጤና ጣቢያ ሄደው ሁለታችሁም የደም ግፊት አለባችሁ ተባሉ። በየስማቸው አንድ አንድ ቆርቆሮ እንክብል ተሰጣቸው። ግፊታቸው ስንት እንደሆነ ግን አልተነገራቸውም፤ ለማንም አይነገርም። በየወሩ ክንዳቸውን በጤና ጣቢያው ግድግዳ ቀዳዳ ይሰዳሉ፤ ይጨመቃል፤ ይለቀቃል፤ ቁጥሩ ወደሚሄድበት ይሄዳል። ሰው የራሱን ቁጥር ካወቀ ይጨነቃል፣ ጨው ይቀንሳል፣ ጠባዩን ይለውጣል፤ ያኔ ጥናቱ ይበላሻል፤ ምክንያቱ ይኼ ነበር። የግል መለኪያ መያዝ የተከለከለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሶልያና ከእንክብሏ ሌላ አንድ ተጨማሪ ሥራ ነበራት። የቤት ታዛቢ ተብላ ስለተመዘገበች ስለ ኪሩቤል የሚጠየቀውን የምትመልሰው እሷ ናት። እሱ ሲያመው የሚናገር ሰው አይደለም፤ ግንባሩን ሲያሽ የምታየው እሷ ናት። ስለዚህ ጠያቂዋ በጠየቀቻት ቁጥር እውነቱን ትናገራለች። ራሱን አሞት አደረ። ማጅራቱን ይዞታል። ዓይኑ ላይ ብልጭ ብልጭ ይልበታል። ጠያቂዋም አመሰግናለሁ ትላለች። ሶልያና የነገረችው ነገር ከአንድ ሰው ጆሮ እንደሚደርስ፣ እንደሚታሰብበትም ታምን ነበር። አለበለዚያ ለምን ይጠይቃሉ?

በየካቲት ወር አንድ ረፋድ ላይ ኪሩቤል የጎረቤት የውሃ ጋን ሊጠግን ጣሪያ ላይ ወጣ። ጎረቤቲቱ ድምፁ ሲጠፋባት ብትጣራ አልመለሰም። መሰላል ይዘው ሲወጡ ጋኑን ተደግፎ ተቀምጦ አገኙት፤ መፍቻው ከእጁ ወድቋል፤ ግማሽ ፊቱ ተንጠልጥሏል።

በዞኑ ሆስፒታል ሦስት ቀን ራሱን ሳያውቅ ተኛ። በአራተኛው ቀን ዓይኑን ገለጠ፤ ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ ግን የሱ አልሆኑም። ዶክተር አቤኔዘር የሚባል ሽበታም ሐኪም ሶልያናን ወደ ጠረጴዛው ጠራትና ባልሽ መድኃኒቱን ያቋርጥ ነበር ወይ ብሎ ጠየቃት። አንድ ቀን እንኳ እንዳላቋረጠ፣ በየጠዋቱ ምላሱን አሳይቶ እንደሚውጥ ነገረችው። ሐኪሙ ይህን መድኃኒት አራት ዓመት የዋጠ ሰው ግፊቱ እንዲህ ከፍ ብሎ አይመጣም አለ። ሰው በሞት አፋፍ ላይ ሲሆን ሆስፒታሉ የጥናቱን መዝገብ መክፈት ይፈቀድለታል። ከፈተውና የኮምፒውተሩን መስታወት ወደ እሷ አዞረላት። ከኪሩቤል ስም አጠገብ «ቡድን ለ» ይላል።

«ለ ምን ማለት ነው?» አለች።

«ባዶ ማለት ነው» አለ ሐኪሙ። «ባልሽ አራት ዓመት ሲውጥ የኖረው መድኃኒት የሌለበት እንክብል ነው። መድኃኒት ከሚወስዱት ጋር ሊያነጻጽሩት።»

ሶልያና ወዲያው አልተናደደችም። መጀመሪያ ያሰበችው ስለ ምላሱ ነው። ያን ሁሉ ጠዋት አፉን ከፍቶ፣ ምላሱን አንስቶ፣ ጉንጩን በጣቱ ገልጦ ምንም ያልሆነ ነገር መዋጡን ሲያረጋግጡበት መኖራቸው ነው መጀመሪያ የታያት። ቁጣው የመጣው በኋላ፣ በአውቶቡስ ስትመለስ ነው፤ ከመጣም በኋላ አልሄደም።

የሾላ በር ጤና ጣቢያ ኃላፊ ኖላዊት የምትባል የሠላሳ ዓመት ጤና መኮንን ናት። ሶልያናን ከመቀመጫዋ ተነስታ ተቀበለቻት፤ አዝናለሁ አለቻት፤ ውሃ አስመጣችላት። የሆነው ሁሉ በደንቡ መሠረት መሆኑን፣ ኪሩቤልም ፈቃዱን ሰጥቶ የገባበት መሆኑን በትሕትና አስረዳቻት። ሶልያና የፈረመበትን ወረቀት አሳዩኝ አለች። ወረቀት አልነበረም። ፊርማ ከቀረ ብዙ ዓመት ነው፤ ፈቃድ ይገመታል። የኪሩቤል ፈቃድ ዘጠና ስድስት በመቶ ተገምቷል። ኖላዊት ግምቱ የተመሠረተበትን ዝርዝር ከፍታ አነበበችላት። በ2064 ደም ስጥ ሲባል ሰጥቷል። በ2066 ለሳል ጥናት ልጁን አምጣ ሲባል አምጥቷል። የጤና ጣቢያው ቧንቧ ሲፈነዳ እሑድ ቀን ተጠርቶ መጥቷል። በሰልፍ ላይ ተራውን ለሌላ ሲለቅ አርባ አንድ ጊዜ ታይቷል። እምቢ የማለት ልማድ የለውም።

«ደግነቱን ነው ፊርማ ያደረጋችሁበት?» አለች ሶልያና።

ኖላዊት ግምቱን እሷ እንዳልሠራችው፣ ጥናቱን ከሚመራው ማዕከል እንደሚመጣ ተናገረች። ሶልያና ደግሞ ሌላ ጠየቀች። ራሱን እያመመው እንደሚያድር በየጠዋቱ ስትናገር እንደኖረች፣ ያ ሁሉ ቃሏ የት እንደገባ። እዚህ ላይ ኖላዊት ፊቷ በራ፤ የምታጽናናበት ነገር ያገኘች መሰላት። መዝገቡን እስከ መጨረሻው አወረደችው።

«ምንም አልጠፋም» አለች። «ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ራስ ምታት ብለዋል፤ ሁሉም ከነቀኑ አለ።»

«ማን አነበበው?»

«ጥናቱ ሲያልቅ ይነበባል።»

ሶልያና የቀረበላትን ውሃ ሳትነካ ተነሳች። ኖላዊት እስከ በሩ ሸኘቻትና፣ ከጥናቱ መውጣት ከፈለጉ መብታቸው እንደሆነ፣ ነገር ግን ካርዱ ስለሚዘጋ የኪሩቤል የእግር ማሳሻም አብሮ እንደሚቀር ነገረቻት። ለማስፈራራት አልነበረም የነገረቻት፤ እንዲያውቁት ብላ ነው። ሶልያናን ይበልጥ ያቃጠላትም ይኸው ነበር። ከመውጣቷ በፊት ግን አንድ ነገር ጠየቀች፤ ታዛቢ የገዛ ቃሉን ግልባጭ የመውሰድ መብት አለው። ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱን አሳትማ፣ ጠቅልላ ይዛ ወጣች።

ኪሩቤል ቤቱ በገባ በሦስተኛው ሳምንት ኖላዊት ከማዕከሉ ከተላከ ናታን ከሚባል ሰው ጋር መጣች። ሶልያና አቤቱታ ስላስገባች ግምቱ በተሳታፊው በራሱ አንደበት መረጋገጥ አለበት ተባለ። ችግሩ የኪሩቤል አንደበት ነበር። ሕመሙ ንግግሩን ወስዶ አንድ ቃል ብቻ ነው የተወለት። ውሃ ሲፈልግ፣ ሲርበው፣ ሲያለቅስ፣ ርቆ የሚኖረውን ልጁን ስም ሊጠራ ሲሞክር፣ ከአፉ የሚወጣው ያው አንድ ቃል ነው። ሐኪሙ እንዲህ ያለው ነገር እንደሚያጋጥም፣ ሰው አብዝቶ ሲለው የኖረው ቃል ብቻውን ሊቀር እንደሚችል ነግሯት ነበር።

ናታን መቅጃውን ከፍቶ ከአልጋው አጠገብ ተቀመጠ። አቶ ኪሩቤል በጥናቱ ለመሳተፍ ፈቃደኛ ነበሩ ወይ አለው።

«እሺ» አለ ኪሩቤል።

አሁንስ እንዲቀጥል ይፈልጋሉ ወይ አለው።

«እሺ።»

ሶልያና ይኼ ሰው ሌላ ቃል የለውም አለች። ናታን እንደሚረዳት፣ ነገር ግን የሕክምና ግምት መስጠት የሱ ሥራ እንዳልሆነ፣ የተባለውን ብቻ እንደሚቀዳ ነገራት። እሷም በዚያን ጊዜ ዕድሜ ልኳን የሚጸጽታትን ነገር አደረገች። ወደ ባሏ ጎንበስ ብላ «ኪሩዬ፣ አንተ ጅብ ነህ?» አለችው።

«እሺ» አለ።

«ይሄንንም ቅዳ» አለችው ናታንን።

ናታን መቅጃውን ዘጋ። ኪሩቤል ግን አእምሮው አልሄደም፤ የተባለውን ሁሉ ይሰማል። ከግራ ዓይኑ ዕንባ ወረደ። ሶልያና ሰዎቹ ከወጡ በኋላ እግሩ ሥር ተቀምጣ ይቅር በለኝ አለችው፤ እሱም በዚያው በአንድ ቃሉ ይቅር አላት። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ሶልያና በጠያቂዋ ፊት ቃል አልተነፈሰችም። ከስፌቷ የቀረውን ሰማያዊ የዩኒፎርም ጨርቅ ቀድዳ ግድግዳው ላይ ሸፈነችባት። ከጨርቁ ሥር በየጠዋቱ እንደምን አደራችሁ የሚል የታፈነ ድምፅ ይሰማ ነበር።

በሚያዝያ የምስጋና ቀን ሆነ። በዓመት አንድ ጊዜ ተሳታፊዎች በቀበሌው አዳራሽ ተሰብስበው ለስላሳ ይጠጣሉ፤ ጥናቱ እንዴት ወደፊት እየሄደ እንደሆነ ይነገራቸዋል፤ የምስክር ወረቀት ይሰጣል። በዚያ ዓመት ኪሩቤል የክብር ተሳታፊ ተብሎ ተመርጦ ነበር። አራት ዓመት አንድ ቀን ሳያጎድል መዋጡ ነው ያስመረጠው። ሶልያና ስለ እሱ እንድትቀበል ተጠራችና ወጣች። ወረቀቱን ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፤ ከቦርሳዋ የራሷን አወጣች።

ማንንም አልሰደበችም። ማንበብ ብቻ ጀመረች። መስከረም አራት፣ ራሱን አሞት አደረ። መስከረም ዘጠኝ፣ ራሱን አሞት አደረ፣ ማጅራቱን ይዞታል። ጥቅምት ሁለት። ጥቅምት ሦስት። ጥቅምት ስድስት፣ ራሱን አሞት አደረ፣ ከአልጋ ሲነሳ ዞረበት። አዳራሹ መጀመሪያ አልገባውም፤ አንዳንዱ የፕሮግራሙ አካል መስሎት አጨበጨበ። አርባኛው ላይ ስትደርስ የጠርሙስ ድምፅ ጠፋ። ስልሳኛው ላይ ድምፅ ማጉያው ተዘጋ። ሶልያና አላቆመችም፤ የክፍል ሙሉ ልጅ ተንጫጭቶባት ልክ ስትለካ የኖረች ሴት ናት፣ ድምፅ አላት። ሁለት መቶ አሥራ ሁለተኛው የካቲት አሥራ አንድ ጠዋት ነው፤ ኪሩቤል ጣሪያው ላይ የወጣበት ቀን። አንብባ ስትጨርስ፣ ይህን ሁሉ ስናገር የሚሰማኝ ሰው አልነበረም፣ አሁን ግን ሰው ሰምቶኛል፣ ብላ ወረደች።

አንድ ጡረታ የወጣ የጭነት መኪና ሹፌር ከኋላ ተነስቶ «እኔስ የትኛው ነኝ?» አለ። ለመጮህ አልነበረም የጠየቀው፤ መንገድ እንደሚጠይቅ ሰው ነው። ናታን ይህን እሱ ራሱም እንደማያውቅ፣ ማንም ካወቀ ጥናቱ እንደሚበላሽ አስረዳ። አንዲት ሴት እኔስ አለች። ከዚያ ሌላ ሰው። ስብሰባው ፍሬ ሳይሰጥ፣ ሰውም ሳይቀመጥ ተበተነ።

በማግስቱ ሲስተር ፍሬሕይወት ወደ ሶልያና ቤት መጡ። ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ ታማሚ የሚባል ሰው በነበረበት ዘመን ነርስ የነበሩ። ከያዙት ዘንቢል ውስጥ በፎጣ የተጠቀለለ የእጅ ደም ግፊት መለኪያ አወጡ፤ የሚነፋው ጎማ ተሰነጣጥቆ በፕላስተር ተጠግኗል። ሲከለከል ለምን እንዳላስረከቡት ሶልያና ብትጠይቃቸው፣ ረስቼው ነው ልበል ወይስ እውነቱን ልንገርሽ አሏት። እውነቱን አለቻቸው። ሰው የገዛ ደሙን የሚደብቁበት ቀን ለበጎ አይመጣም ብዬ ነው አሉ።

መጀመሪያ የለኩት ሶልያናን ነው። ማዳመጫውን ከጆሯቸው አወጡና አንድ መቶ ሃያ ስድስት በሰማንያ አሏት። በጣም ጥሩ ነው።

ሶልያና ይህን አልጠበቀችም። የሷ ቆርቆሮ እውነተኛው ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ሁለቱ ቆርቆሮዎች በአንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ቆመው፣ እሷ ስትድን እሱ ሲያልቅ ኖረዋል። በስሕተት አንድ ቀን አለዋውጠው ቢሆን ብላ አሰበች፤ ግማሽ ግማሽ ተካፍለው ቢሆን ብላ አሰበች። ሲስተር የምታስበውን ሳያውቁባት አልቀሩም፣ ትከሻዋን ይዘው፣ የሚያፍረው ሌላ ነው፣ አንቺ አይደለሽም አሏት። ከዚያ ሹፌሩን ጥሪው አሏት።

ሹፌሩ አንድ መቶ ዘጠና አራት ነበር። ሲስተር ብጣሽ ወረቀት ላይ ምንም ሳይጽፉ፣ ዛሬውኑ አውቶቡስ ተሳፍረህ ዶክተር አቤኔዘር ዘንድ ሂድ አሉት። ከመቶ ሰማንያ በላይ የሆነን ሰው ሆስፒታሉ በድንገተኛ ክፍል ተቀብሎ በጥናትም ያለ ጥናትም ማከም ግዴታው ነው። ሐኪሙም ማን እንደላካቸው ሳይጠይቅ ይቀበላቸው ጀመር። በመጀመሪያው ሳምንት አሥራ ዘጠኝ ሰው ሄደ። የዩኒፎርም ልክ የሚጠብቁት ልጆች መሬት ላይ እንዲቀመጡ ሆነ፤ አግዳሚው እጅጌያቸውን በጠቀለሉ ሰዎች ተይዟል።

በሁለተኛው ሳምንት አርብ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ኖላዊት መጣች። መለኪያውን እንድትረከብ ታዝዛ ነው፤ ደብዳቤውን በእጇ ይዛለች። ሶልያና ከስፌት መኪናዋ አልተነሳችም። ተሰልፈሽ ጠብቂ አለቻት። ኖላዊት የሚቀጥለው ሰው እስኪለካ ቆመች፤ ከዚያም የሚቀጥለው። ከዚያ ደብዳቤውን አጥፋ ኪሷ ከተተችና አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። የጤና ጣቢያው ሠራተኞችም ተሳታፊዎች ነበሩ፤ ይህን ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ ማንም ግን አስቦት አያውቅም። ተራዋ ሲደርስ የነጭ ጋወኗን እጅጌ ጠቀለለች።

ሲስተር ፍሬሕይወት ሁለት ጊዜ ለኩ። «ልጄ» አሏት፣ «መቶ ሰማንያ ስምንት በመቶ አሥራ ሁለት ነሽ።»

ኖላዊት እጅጌዋን ማውረድ ረሳች። ማንም ባይነግራትም እውነተኛው መድኃኒት በሚሰጠው ቡድን ሀ ውስጥ እንደሆነች ስታምን እንደኖረች፣ ባለሙያ በመሆኗ እንደማይነኳት ይመስላት እንደነበር በቀስታ ተናገረች። ሶልያና ልታዝንላት ፈለገች፤ አልቻለችም፤ የኪሩቤል ዕንባ ገና አልደረቀላትም። ነገር ግን የመጨረሻው አውቶቡስ በአሥር ሰዓት እንደሚነሳ ነገረቻት፤ ተነስታም እስከ መናኸሪያው አብራት ሄደች።

በግንቦት መጨረሻ ከማዕከሉ ደብዳቤ መጣ። በሾላ በር የሚገኙ ተሳታፊዎች የራሳቸውን የደም ግፊት ያለ ፈቃድ በማወቃቸው ምክንያት የከተማዋ መረጃ ከጥናቱ ውጪ እንዲሆን ተወስኗል ይላል። ጥናቱ በሌሎች ሠላሳ ሦስት ከተሞች ይቀጥላል። ስለ ኪሩቤል የተጻፈ ነገር የለም። ሶልያና «የራሳቸውን የደም ግፊት ያለ ፈቃድ በማወቃቸው» የሚለውን ሐረግ ሦስት ጊዜ አነበበችው። ለኪሩቤልም አነበበችለት። እሱ በዚያን ጊዜ በምርኩዝ እስከ አጥር በሩ ድረስ ይሄድ ነበር፤ እግሩን የምታሽለት ኖላዊት ናት፣ ከሥራ ሰዓቷ ውጪ እየመጣች። ሰምቶ ሲጨርስ በደህናው እጁ ደብዳቤውን ከእጇ ወሰደና ጨምድዶ መሬት ላይ ጣለው። ቃል አላስፈለገውም።

በማግስቱ ጠዋት ሶልያና በሯን ስትከፍት የማታውቃቸው ሰዎች ከአጥሩ እስከ መንገዱ ማዶ ተሰልፈዋል። ከሠላሳ ሦስቱ ከተሞች ከአንዱ ነው የመጡት፤ በመጀመሪያው አውቶቡስ። ከፊት የቆመው ሽማግሌ መታወቂያውን አውጥቶ ይዞ ነበር፤ የት ላስመዝግብ ብሎ ጠየቃት። መታወቂያዎን ይመልሱት፣ ይግቡ አለችው። ሲስተር ፍሬሕይወት ጎማውን ነፉ። በዚያ ቀን ሰባ አንድ ሰው ለኩ፤ ለእያንዳንዱ ቁጥሩን ለራሱ ነገሩት፤ የትም አልጻፉትም።